ደረቁ ጣሳ

አባቴ በሳንባ ምች የሞተ ይመስለኝ ነበር። እናቴ አስካለማርያም እንደዚያ ነበር የነገረችኝ። የአንኮበር ብርድና ጉም ለሳንባ የሚመች ስላልሆነ እኔም አልተጠራጠርሁም። ኪዳነወልድ የሚባል ጎረቤታችን በእርሻ ድንበር ተጣልቶ አባቴን በጥይት እንደ ገደለው፣ ተፈርዶበትም ደብረ ብርሃን ወህኒ ቤት እንደ ገባ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ያን ጊዜ የታቀፍሁ ሕፃን ነበርሁ፤ ካደግሁም በኋላ የነገረኝ የለም። እናቴ እንዳይነገረኝ ሰዉን ሁሉ በማርያም ስም ለምናለች።

ኪዳነወልድ ፍርዱን ጨርሶ የተመለሰው እኔ አራተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ነው። ያን ዓመት በቤታችን ሰው ይሙት አይሙት እየተባለ ይመከር ነበር። እኔ ግን የሚመከረው ስለ ባቄላዬ መስሎኝ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ በመስኮት ይገባና ጥቁር ሰሌዳውን ያረጥበዋል፤ ጠመኔ አይጽፍበትም። ሌሎቹ አስተማሪዎች በዚህ ይናደዱ ነበር። በዚያ ዓመት የመጡት መምህር አንተነህ ግን የጠሉት አይመስሉም። ሰሌዳው እምቢ ሲል መጽሐፉን ዘግተው እጃችሁን አምጡ ይላሉ። ሳይንስን ያስተማሩን በእጃችን ነበር።

አንድ ቀን ባልዲ ሙሉ ውሃ አስቀዱ። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ደረቅ ወረቀት ወትፈው፣ ብርጭቆውን በአፉ ደፍተው ወደ ባልዲው አጠለቁት። ሲያወጡት ወረቀቱ አልራሰም። የቄስ ዘርአ ዳዊት ልጅ ወገኔ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ በሩ አፈገፈገ። ድግምት ነው አለ። መምህሩ አልተቆጡም። ብርጭቆውን አቀበሉት።

"እስቲ አንተ አድርገው" አሉት። "ድግምት ከሆነ በእኔ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። በአንተም እጅ ከሠራ ሳይንስ ነው።"

ወገኔ እያማተበ አጠለቀ። በእሱም እጅ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በተራ አደረግነው። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር እጃችን ደንዝዞ እርሳስ መያዝ አቃተን። በብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር ቦታውን ይዞ ውሃውን እንዳላስገባው ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ቀጥሎ የባቄላው ትምህርት መጣ። ሁሉም ልጅ ባዶ ጣሳ፣ ቁንጥር ባዘቶና አንድ ፍሬ ባቄላ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ባዘቶውን እናቴ ከምትፈትለው ጥጥ ቆነጠረችልኝ። ጣሳ ግን ቤታችን አልነበረም። አሊዩ አምባ ገበያ ስትወርድ ከነጋዴው ከረሺድ ለምና አመጣችልኝ። የሳልሳ ጣሳ ነበር፤ የቲማቲሙ ቀይ ሥዕል ገና አልለቀቀም። በክፍላችን እንደ እኔ ያማረ ጣሳ የያዘ አልነበረም።

መምህሩ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ሁለት ልጆች አንድ ሙከራ ናቸው አሉ። በግራ ያለው ባዘቶውን ውሃ ያጠጣዋል፤ በቀኝ ያለው ጨርሶ አያጠጣም። ከዚያ የማን እንደሚበቅል፣ የማን እንደሚቀር በዓይናችን እናያለን። ከእኔ በግራ የምትቀመጠው ንጋቷ የምትባል ልጅ ነበረች። ውሃው ለእሷ ደረሰ። ያ ሁሉ ቀይ ጣሳ ደርቆ ሊቀር ነው።

ከፋኝ። ልጆቹ ደግሞ በቀኝ ያለነውን ደረቆች ብለው ስም አወጡልን። በአገራችን ግትር ሰውም ደረቅ ይባላልና ስድቡ ሁለት ጊዜ ነው። ወገኔ በየመንገዱ ደረቁ እያለ ይከተለኝ ጀመር። በመጨረሻ ለመምህሩ ልከስስ ሄድሁ፤ የእኔም እንዲበቅል እፈልጋለሁ አልኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"ያንተ ጣሳ ባይኖር፣ የንጋቷን ባቄላ ያበቀለው ውሃው መሆኑን በምን እናውቃለን?" አሉኝ። "ማጠጣት ማንም ያጠጣል። ሳያጠጡ መጠበቅ ነው ከባዱ። ሰው ቢጠይቅህ፣ ይድረቅ በል።"

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ብዙአየሁ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ከትምህርት ቤቷ በግማሽ በተቆረጠ የሃይላንድ ውሃ ፕላስቲክ ባቄላ ይዛ መጣች። ደረቁስ የታለ ብዬ ጠየቅኋት። ደረቅ የሚባል የለም፣ ሁላችንም አጠጥተናል አለችኝ። እንግዲያው ምንም አልተማራችሁም አልኋት። አኮረፈችኝ።

ያን ጊዜ ጣሳዎቹን ክፍል ውስጥ ብንተዋቸው ባቄላውን አይጥ ስለሚበላው፣ ወደ ማታ ወደየቤታችን ወስደን ጠዋት እንመልሳቸዋለን። ከንጋቷ ጋር መንገዳችን አንድ ነው። አጥራችን ጋ ስንደርስ ግን ወደ ማዶ ተሻግራ ትሮጣለች። አንድም ቀን ግቢያችን ገብታ አታውቅም። ውሻችንን የምትፈራ መስሎኝ እስቅባት ነበር። ውሻችን ያረጀ ነበር፤ ጥርስም አልነበረው። የፈራችው እሱን እንዳልነበር የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የኪዳነወልድ ልጅ ነበረች። እሷ ታውቃለች።

አንድ ጠዋት አዲስ የኮንጎ ጫማ አድርጋ መጣች። አባቷ ከሩቅ አገር እንደ መጣ፣ ጫማውንም ያመጣላት እሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሩቅ አገር የሚመለስ አባት ቢኖረኝ ብዬ ቀናሁ። ከትምህርት ቤት እንደ ገባሁ ለእናቴ ነገርኋት። እንዝርቷ ቆመ። ክሩን በጣቷ እንደ ያዘች ቆይታ፣ ደስ ይበላት አለች። እሷም ጫማው ያማራት መሰለኝ።

ብዙ ሳይቆይ አጎቴ ወልደአረጋይ መጣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ከቆላ ሸንኮራ ይዞልኝ ነበር የሚመጣ፤ የዚያን ቀን ባዶ እጁን ነው። በርኖስ ለብሷል፤ ከበርኖሱ ሥር ጠመንጃ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮ ማሳችንን እየፈጀው ነው አሉ፣ ልጠብቅላችሁ መጣሁ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ነገር ግን አቀማመጡ አልገባኝም። ማሳው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ አጎቴ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ነው። ጭላዳ ከገደል ይወጣል እንጂ በመንገድ አይመጣም ብዬ ነገርሁት።

"ይሄኛው በመንገድ ነው የሚመጣ" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጓሮ እግሬን ስታጠብ እሱና እናቴ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ የግድግዳው ጭቃ ግን ረግፎ ቀዳዳ ነበረው።

"የዚያ ቤት ዘር እየለመለመ የእኛ ይድረቅ?" አለ አጎቴ።

"ይድረቅ ነው የምልህ" አለች እናቴ። "ይድረቅና ይለቅ።"

"ሳይበቀል?"

"ሳይበቀል።"

እግሬን ማጠብ ተውሁ። የዚያ ቤት ዘር የሚለመልመው የንጋቷ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ቆዳው ተሰንጥቆ ነጭ ሥር አውጥቷል። የእኛ የተባለው የእኔ ጣሳ ነው። አጎቴ ለእኔ መቆርቆሩ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። ቀጥሎ ግን የተናገረው ስሕተት ነበር። "እኔ ብተወው ልጁ ሲያድግ ይበቀላል" አለ። ያስተማሩኝን ሲያበላሽ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ከነእርጥብ እግሬ በሩ ላይ ቆምሁ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ይበቅላል" አልሁት። "ከዚያ ነው የሚያድገው።"

አጎቴ ማን እንዳለኝ ጠየቀኝ። መምህር አንተነህ ናቸው አልሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይበቀላል እና ይበቅላል ለልጅ ጆሮ አንድ ናቸው። የሚለያቸው አንዲት ፊደልና የምላስ ማጥበቅ ብቻ ነው። የመድረቁ ነገር ደግሞ ይብሳል። በእኛ አገር ሁለት ደመኛ ቤቶች ሲታረቁ ደሙ ደረቀ ይባላል። አጎቴ ይበቀል ይላል፤ እናቴ ደሙ ይድረቅ ትላለች። እኔ ትልልቅ ሰዎች በአንድ ፍሬ ባቄላ እንዲህ መከራከራቸው ገርሞኝ፣ ትምህርት ቤታችን ከመሰለኝ በላይ የተከበረ ቦታ ነው ብዬ ኮራሁ።

የንጋቷ ባቄላ ቅጠል አወጣ። የእኔ በገባበት መልኩ ተቀምጧል፤ በጣቴ ስነካው ይንከባለላል። ወገኔም አልተወኝም። አንድ ቀን እናቴ የሌለች መስሎኝ ቅሉን አንሥቼ ውሃውን ወደ ጣሳው አዘነበልሁ። ጠብ ሳይል ከኋላዬ እጄን ያዘችው። የምትቆጣኝ መስሎኝ አለቀስሁ፤ አልተቆጣችም። አጠገቧ አስቀመጠችኝና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እናቴ ከዚያ በፊት ስለ ትምህርቴ ጠይቃኝ አታውቅም። ማንበብ አትችልም ነበር፤ ስለ ደብተሬ ንጽሕና ካልሆነ ሌላ አይገዳትም። የዚያን ቀን ግን ሁሉን አስተረከችኝ። ማን ያጠጣል፣ ማን አያጠጣም፣ ለምን። መምህሩ ያሉኝን ስነግራት እንዝርቷን አስቀመጠች።

"ታዲያ ሰው ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?" አለችኝ።

"ይድረቅ እላለሁ።"

"ባይዋጥልህም?"

"ባይዋጥልኝም። የእኔ ድርሻ ነው።"

በማግስቱም እንደገና አስነገረችኝ። ሳይንስ የወደደች መስሎኝ የአየሩንም የብርጭቆውንም ጨመርሁላት፤ ያን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ቄስ ዘርአ ዳዊት ሄደች። ቄሱ የንስሐ አባቷ ነበሩ። ምን ኃጢአት ሠርታ ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ ነገሩ ከቅሉ ውሃ ጋር የሚያያዝ መስሎኝ የእኔን ተናዛልኝ ይሆናል ብዬም አፈርሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ዘርአ ዳዊት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወደ ግቢያችን መጡ። ጉሙ እየተገፈፈ ነበር፤ ከታች የቆላው አገር ቡናማ ሆኖ ይታያል። ሽማግሌዎቹ በድንጋዩ መደብ ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ዛሬ አልደበቀውም፤ ጭኑ ላይ አጋድሞታል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትፈትላለች። ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ ሰው አጎንብሶ ተቀምጧል። አጠገቡ ትልቅ ድንጋይ አለ። ግንበኛ መሰለኝ። የፈረሰው የድንጋይ ካባችን ሊሠራ ነው አልሁ በልቤ።

ንግግራቸው ረጅም ነበር። የሰማሁት ጥቂቱን ነው። ሰውየው ፍርዱን ጨርሷል፣ አገር ለቆ እንዲሄድ ቢባልም እሄዳለሁ ብሏል፣ የሚል ነገር አለ። አጎቴ ለሁሉም የሚመልሰው አንድ ነው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል። ቄሱ ግራ ቀኙን አዳምጠው ሲያበቁ፣ ባለደሙ እያለ እኛ ምን አከራከረን፣ ልጁ ይጠየቅ አሉ።

አጎቴ ቀና አለ። "አባ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።"

"ሊጡ የእሱ ነው" አሉት ቄሱ። "ይብቃም አይብቃም እሱው ይጋግረው።"

ጠሩኝ። ምን እንደሚጠይቁኝ ቀድሞ ገብቶኛል። ስለዚህ ወደ ቤት ሮጥሁና ጣሳዬን ይዤ ተመለስሁ። ያለ ጣሳው ማን ያምነኛል? በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ከመካከላቸው ቆምሁ። አንደኛው ሽማግሌ ጣሳውን አየ፤ ከዚያ ቄሱን አየ። ቄሱ ጣሳውን እንዳላዩ ሆኑ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ይድረቅ ትላለህ፣ ወይስ ይበቀል?"

ይብቀል ማለት ሲገባቸው ይበቀል ማለታቸውን አስተውያለሁ። አርጅተዋል፣ ጥርሳቸውም ጎድሏል ብዬ አለፍሁት። እናቴን አየኋት። እሷ ክሯን ነው የምታየው። አጎቴን አየሁት። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። እንደዚያ የፈራ ሰው ዓይን ያየሁ ያን ጊዜ ነው፤ የፈራውን ነገር ግን አላወቅሁም። ለእሱ ስል ይብቀል ልል ነበር። ስንት ቀን የተከራከረው ለእኔ አይደል? ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ደግሞ ድርሻዬ ትዝ አለኝ።

"ይድረቅ" አልሁ። "ውሃም አላስነካሁትም። እማዬ ምስክር ናት።"

አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዘው፤ ሳሉም አልለቀው አለ። አጎቴ በርኖሱን ጎትቶ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስሁት ብዬ ደነገጥሁ። ጠመንጃው ከጭኑ ተንሸራቶ ወደቀ። እናቴ እንዝርቷን መቃኑ ላይ አስቀምጣ መጣች፤ ጠመንጃውን እንደ ዶማ ከመሬት አንሥታ፣ ይዛው ቤት ገባች።

ቄሱ ወደ ውጭ ተጣሩ። ግንበኛው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ገባ። ወደ ፈረሰው ካብ የሚሄድ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁለት። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ተንበረከከ። ፊቱ ከፊቴ እኩል ሆነ። ጢሙ ሸብቷል፣ ላብ በዓይኑ ላይ ይወርዳል።

"ይቅር በለኝ" አለኝ።

ለምን እንደሚለምነኝ አላወቅሁም። ቄሱ በጆሮዬ የነገሩኝን ብቻ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ አልሁት። አጎቴ ከበርኖሱ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ተነሣና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከሰውየው ማጅራት አወረደው። ከባድ ነበር መሰለኝ ሁለቱም ቃተቱ። ከዚያ እጅ አስታጥቡ ተባለ፣ ሁሉም ከአንድ ገበታ ቀረበ። ንጋቷም ከእናቷ ጋር በበሩ ገባች። ውሻችን ተነሥቶ እንኳ አላያትም።

ሰኞ ለመምህር አንተነህ ጣሳዬን አሳየሁ። ባቄላዬ እንደ ገባ ነበር። በተማሪው ሁሉ ፊት እጄን ጨበጡኝ። ስለ እሑዱ ነገር አልነገርኋቸውም፤ ለእኔ ከእሑዱ ይልቅ የሰኞው ይበልጥ ነበር።

የአባቴን ነገር አጎቴ የነገረኝ ጎልማሳ ሆኜ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ልቀጠር ስነሣ ነው። ሳታውቀው አትሂድ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀምጦ ነገረኝ። ለአባቴ አዘንሁ። ሌላም ነገር አስደነገጠኝ። እርቁ የቆመው በእኔ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ የተናገርሁት ስለ ባቄላ ነው። ሽማግሌዎቹ ተታለዋል ብዬ አሰብሁ። ይህ ቢወጣ የደረቀው ደም ይረጥባል፤ ወይ አጎቴ ይነሣል፣ ወይ ሰው በእኔ ይስቃል፣ ከዚያም እኔ ራሴ መነሣት ይኖርብኛል። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ሚስት አገባሁ፤ ለሚስቴም አልነገርሁ።

እናቴ አርጅታ እዚህ እኔ ጋ ከመጣች በኋላ፣ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ አወጣሁት። እማዬ፣ ያን እሑድ እኔ ስለ ደሙ አላውቅም ነበር፣ ይድረቅ ያልሁት ባቄላዬን ነው አልኋት። ዓይኗ ደክሞ ነበር፤ ወደ ድምፄ ዞረች።

"ጣሳውን ታቅፈህ እኮ ነው የቆምኸው" አለችኝ። "ማን ያላወቀ መሰለህ?"

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። በደም ጉዳይ የሴት ቃል አይሰማም ነበር፤ የባለደም ቃል ግን በልጅ አፍም ቢሆን ይሰማል። ቄሱን በየትኛው ቃል እንደሚጠይቁኝ የነገረቻቸው እሷ ናት። ቄሱ ለሽማግሌዎቹ ነግረዋል። ሽማግሌው ያሳለውም ሳል አልነበረም።

ጋሼስ ብዬ ጠየቅሁ።

"እሱ መግደል የሚፈልግ መስሎህ ኖሯል?" አለች። "ሰው እያየው መውረጃ አጥቶ ነበር። አንተ ስትሰጠው ወረደ። በርኖሱ ውስጥ ሲስቅ ነበር።" ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "አልቅሷልም" አለች።

እሷስ ፈርታ እንደነበር ጠየቅኋት። የፈራችው ለኪዳነወልድ እንዳልነበር፣ ለወልደአረጋይም እንዳልነበር ነገረችኝ። እሱ ቢገድል የዚያ ቤት ልጅ ይነሣል፤ እሱ ባይገድል ተራው የእኔ ነበር። ጥጥ ስትፈትል እድሜዬን ትቆጥር ነበር።

ኪዳነወልድ አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ነበርሁ። አጎቴም በአልጋው ላይ ሞተ። እኔም ሰው ሳልገድል ይኸው አረጀሁ።